ጊታሩ ዝቅ፣ ሰውየው ከፍ

(እንጅባራ፣ 2008 ዓ.ም.፣ የካቲት መግቢያ፣ ከሰዓት በኋላ። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ አሮጌ ሚክሰር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፈረስ ልጓም፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ሞንታርቦ ያለበት ሙዚቃ ቤት። ባለቤቱ ዓባይነህ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ የማያውቀው ነገር መኖሩን ገና አልሰማም። ደርበው ከጥሊሊ የመጣ ገበሬ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በፈረስ በዓሉ ማግስት፣ ነጎድጓድ የሚባል አንጋፋ የሮክ ባንድ ሜዳው ላይ ተጫውቶ ነበር። ደርበው ከተመልካቹ መካከል በስልክ የተቀዳውን ድምፅ በሚሞሪ ይዞ መጥቷል። ሁለቱም ኮምፒዩተሩ ላይ አጎንብሰዋል።)

ዓባይነህ፦ ይቆረጣል አልኩህ!

ደርበው፦ አይቆረጥ፣ መምህር።

ዓባይነህ፦ ደርበው፣ ስማኝ። ነጎድጓድ ባንድ አርባ ዓመት የተጫወተ ባንድ ነው። እንጅባራ የመጣው አንዴ ነው። የሰዎቹን ጉልበት እንዳየሁት ደግሞ ተመልሰው የሚመጡም አይመስለኝም። የቀረልን ይቺ ቅጂ ናት። በእሷ ላይ አንድ ባለጌ ይለፈልፍባታል። ይቆረጣል!

ደርበው፦ እኔማ የመጣሁት ሰውየው የሚለውን በደንብ ለመስማት ነበር።

ዓባይነህ፦ (ግንባሩን ይዞ) ሰው የኮንሰርት ቅጂ ይዞ ሲመጣ ሙዚቃውን ነው የሚሰማው!

ደርበው፦ ሙዚቃውን እዚያው ሰማሁት። እንዲያውም ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ሲጮህ ዋለ።

(ዓባይነህ ቅጂውን ያስጀምረዋል። ጫጫታ፣ ፉጨት፣ ከዚያ የጊታር ጩኸት።)

ደርበው፦ ይቺ ፍየል ደግሞ ከየት ገባች?

ዓባይነህ፦ ጊታር ነው!

ደርበው፦ ምን አድርገውት ነው?

ዓባይነህ፦ ምንም አላደረጉት! ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያሳለፈውን ሁሉ በስድስት ክር ሲናገር ነው።

ደርበው፦ ስድስት ክር ይዞ ነው እንዲህ የሚቸገረው? የእኛ ማሲንቆ መቺ በአንዷ ይጨርሰው የለ?

ዓባይነህ፦ ኧረ በስመ አብ! ዝም ብለህ ስማ። የቀዳው ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ አደንቀዋለሁ። ድምፁ አይቆራረጥ፣ ቦታውን አይለቅ። ጥሩ አባት ያሳደገው ነው።

ደርበው፦ እኔም እንዲያ ነው ያልኩት። (ጉሮሮውን ጠርጎ) መምህር፣ ሳልረሳው… የልጆቹ ነገር…

ዓባይነህ፦ እንዳትጀምር! ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክህ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩ። ልጄ ሕይወት ዲግሪ ይዛለች። ያንተ ብሥራት የባጃጅ ሞተር ሲፈታ ነው የሚውለው።

ደርበው፦ ፈትቶ አይተወውም እኮ፣ ይገጥመዋል።

ዓባይነህ፦ አይሆንም!

ደርበው፦ ልጆቹ ይዋደዳሉ። ሽማግሌው አቶ ደሴ ደግሞ «ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሼ አላፍርም» ብለዋል። ብሥራትም ጓዙን ሸክፏል፤ እሺ ካላሉ ሰኞ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ ይላል።

ዓባይነህ፦ መልካም መንገድ በለው። ዛሬ ወሬያችን ኪነት ነው፣ ጋብቻ አይደለም። ወደ ቁም ነገራችን እንመለስ። ይህ ባለጌ…

ደርበው፦ እርስዎ በዚያ ቀን ምንም አልተናገሩም?

ዓባይነህ፦ እኔ? ሁለት ሰዓት ሙሉ አፌን አልከፈትኩም! አዋቂ ሰው ሙዚቃ ፊት እንደ ቅዳሴ ነው የሚቆመው። ከጎኔ ነበርክ፣ ምስክሬ ነህ።

ደርበው፦ ከጎንዎ እንኳ አልነበርኩም።

ዓባይነህ፦ የት ነበርክ ታዲያ?

ደርበው፦ ከሥርዎ። መድረኩ አልታየኝም ብለው ትከሻዬ ላይ አውጥቼዎት የለ።

ዓባይነህ፦ …እሱ ያው ነው። (ቸኩሎ ቅጂውን ያስጀምራል። ከጊታሩ ሥር የሰው ጩኸት ይሰማል።) ያውልህ! ይህን ድምፅ አወቅኸው?

ደርበው፦ እኔ ምን አውቄ። እርስዎ አወቁት?

ዓባይነህ፦ ሠላሳ ዓመት ፊቴን ወደ ሰሌዳ አዙሬ እየጻፍኩ፣ ከኋላዬ ማን እንዳወራ በድምፁ ስለይ ኖሬያለሁ። ይህ ሰው ዳንግላ የተወለደ፣ ሦስት መለኪያ አረቄ የጠጣ፣ እቤቱ ውስጥ ሰሚ ያጣ ሰው ነው።

ደርበው፦ ሰሚ ማጣቱም ከድምፁ ይታወቃል?

ዓባይነህ፦ ሰሚ ያለው ሰው እንዲህ አይጮህም።

ደርበው፦ (አጨብጭቦ) አይ መማር! እንግዲያው እባክዎ፣ ጊታሩን ዝቅ፣ ሰውየውን ከፍ ያድርጉልኝ።

ዓባይነህ፦ ሙዚቃ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ደርበው፦ አይቻልም ማለት ነው?

ዓባይነህ፦ ማነው አይቻልም ያለህ? (እጅጌውን ይሰበስባል፤ የሚክሰሩን ቁልፎች ያዞራል) እንዲያውም ሞንታርቦውን እከፍተዋለሁ። መንገደኛው ሁሉ ይስማ! በኪነት ላይ የሚለፈልፍ ሰው እንዲህ ይዋረዳል!

(ድምፁ መንገዱን ይሞላዋል። ጊታሩ ርቆ ይጮሃል። «በዳማ ፈረሴ ምያለሁ!» ይላል ሰውየው።)

ዓባይነህ፦ ጉድ! ፈረሰኛ ነው እንዴ? ከእኛው መሃል!

ደርበው፦ እኔ ፈረስ ስለሌለኝ አላውቀውም። በፈረሱ ምሎ ቃሉን ያጠፈ ሰው ምን ይደረጋል?

ዓባይነህ፦ በእኛ የፈረሰኞች ጓድ፣ የዓመቱ በዓል ሲደርስ ሌላው እየጋለበ እሱ ልጓም ይዞ በእግሩ ያልፋል። ሕዝብ እያየው! ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደርበው፦ ጠጥቶ የማለ እንደሆነስ?

ዓባይነህ፦ አረቄውን ፈረሱ አልጠጣውም!

ደርበው፦ ሙዚቃው ልቡን ወስዶበት ቢሆንስ?

ዓባይነህ፦ እሱማ የባሰ ያስረዋል። ደርበው፣ ይህንን ያዝልኝ፦ ሰው ልቡ በተከፈተባት በዚያች ቅጽበት የሚናገረው እውነቱን ነው። በማግስቱ የሚናገረው ፍርሃቱን ነው። ዕድሜ ልኬን አስቤ የደረስኩበት ነው።

ደርበው፦ እባክዎ ይድገሙልኝ፣ እንዳይጠፋኝ።

ዓባይነህ፦ (ደስ ብሎት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ) በማግስቱ የሚናገረው ፍርሃቱን ነው!

(ከሞንታርቦው፦ «ልጄን ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ አልኩ! ከእንግዲህ ሽማግሌ አያስፈልግም!»)

ዓባይነህ፦ (ሆዱን ይዞ ይስቃል) ልጁን! ጊታር እየሰማ ልጁን ዳረ! አይ የዳንግላ ሰው!

ደርበው፦ ይፀናል ይላሉ?

ዓባይነህ፦ እንዴት አይፀናም? በፈረሱ ምሏል፣ ሕዝብ ሰምቶታል። ስሙን ብቻ ላግኘው፣ እኔው ራሴ ቆሜ አስፈጽመዋለሁ!

ደርበው፦ አደራ፣ መምህር።

ዓባይነህ፦ አደራህን ተቀብያለሁ። ቆይ፣ ትንሽ ከፍ ላድርገው።

(ያደርገዋል። ሞንታርቦው፦ «ደርበው! ትከሻህ ይባረክ! እንዳታወርደኝ! ሕይወትን ለብሥራት ሰጥቻለሁ! በዳማ ፈረሴ!»)

(ዓባይነህ ሞንታርቦውን ለማጥፋት ይዘላል፣ የተሳሳተ ቁልፍ ይነካል። «ሕይወትን ለብሥራት ሰጥቻለሁ!» ይላል ሞንታርቦው እንደገና። አሁንም እንደገና። በመጨረሻ ገመዱን ይነቅለዋል።)

ዓባይነህ፦ ይህ… የእኔ ድምፅ አይደለም።

ደርበው፦ የዳንግላ ሰው ነዋ።

ዓባይነህ፦ የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው! እንዲህ አይቀጥንም!

ደርበው፦ እርስዎ ከውስጥ ስለሚሰሙት ይሆናል። እኛስ ሁልጊዜ የምንሰማው ይሄንኑ ነው።

(ዓባይነህ ወንበሩ ላይ ይወድቃል።)

ዓባይነህ፦ እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?

ደርበው፦ በአቶ ደሴ አፍ ሁለት ጊዜ አስነገርኩ። «ደርበውን ጊታር አደንቁሮታል» ብለው መለሷቸው።

ዓባይነህ፦ ቆይ! ያንተ ስልክ ባለ ባትሪዋ ናት፤ ከማብራትና ከመደወል ሌላ አታውቅም። ማነው የቀዳው?

ደርበው፦ ጥሩ አባት ያሳደጋት። ከኋላችን ቆማ ነበር።

ዓባይነህ፦ ሕይወት?!

ደርበው፦ መጀመሪያ ለእርስዎ ብላ ጊታሩን ነበር የምትቀዳው። እርስዎ መናገር ሲጀምሩ ግን ስልኩን ወደ ላይ አቀናችው።

(ከመንገዱ እልልታ ይነሳል። መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ብዙ። ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ። ከማዶ ሱቋ የወጣችው የዓባይነህ ሚስት የእናትነሽ እልልታ ከሁሉም በላይ ይሰማል።)

ደርበው፦ መምህር፣ ይሄ የውጭው ጫጫታስ? ይቆረጣል?

ዓባይነህ፦ (ሚስቱን በበሩ አሻግሮ ያያል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ልጓም ያያል፤ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል) ተወው። (ተነስቶ ወንበሩን ወደ ደርበው እየገፋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ) ይተዉት። ይልቅ አረፍ ይበሉ፣ አቶ ደርበው።

ደርበው፦ (ጋቢውን ሰብስቦ በቀስታ ይቀመጣል፤ ጆሮውን ወደ ኮምፒዩተሩ ይሰጣል) እንግዲህ አሁን ያቺን ፍየል ከፍ ያድርጓት። ልሰማት እችላለሁ።