ሁለት ሴንቲሜትር ለስፌት

"አላውቅም" የሚባል ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። እናንተ ሰፈር ከሌለ ሰውየው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የእኛ ሕንጻ ሊቀ ሊቃውንት ልብስ ሰፊው ጋሼ ሜትር ናቸው። ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ስማቸው ሆኖ ቀረ። ሊፍት ቢቆም ምክንያቱን ያውቁታል፤ ጥርሴን ቢያመኝ ሐኪሙ የሚሳሳተውን ጭምር። አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛውን አጠገቡ ቆመው ሲያርሙት ዋሉና፣ ሰውየው መፍቻውን እጃቸው ላይ አስቀምጦላቸው ሄደ። ሦስት ቀን ውሃ አጣን። በአራተኛው ቀን "ውሃ ሲበዛም ደግ አይደለም" አሉን።

ባለፈው ወር ጣሪያው ላይ ርግብ የሚያረቡት ጡረተኛዋ ሲስተር ሦስት ርግብ ጠፋባቸው። ጣታቸው በቀጥታ ወደ ድመቴ ተቀሰረ።

"እስከ ቅዳሜ ካላስወጣሃት ለአከራይህ እናገራለሁ" አሉኝ።

አከራዬ እንስሳ አይወድም። ድመቷ ደግሞ ቤት ስገባ በር ድረስ የምትቀበለኝ ብቸኛ ፍጥረት ናት።

ዓርብ ጠዋት ርግቦቹ ቤት አጠገብ ጥቁር መስመር ያለው ቡናማ ላባ አገኘሁ። ይዤው ወደ ጋሼ ሜትር ሱቅ ሮጥኩ፤ ሲስተርም ተከተሉኝ።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ሰክተው ላባውን የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። በካውያ ሊተኩሱት ሲሉ ለምኜ አስተውኳቸው።

"የጭልፊት ጅራት ነው" አሉ። "የክንፍ ቢሆን አንዱ ጎኑ ይጠብ ነበር። ይሄ እንደ ኮሌታ ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ የጅራቱ መሐል።"

የወፍ መጽሐፍም አላቸው። ትንሹ ጭልፊት ድንቢጥ ነው የሚበላው፤ የጅራቱ ላባ ከአስራ ስምንት ሴንቲሜትር አያልፍም። ትልቁ ከአስራ ዘጠኝ ይጀምራል፤ ርግብ ይነጥቃል። የድመቴ ዕጣ አንድ ሴንቲሜትር ላይ ወደቀ።

ሜትሩን ዘረጉ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤ አስራ ስምንት ነው። ጋሼ በጠመኔ ሃያ ብለው ጻፉ።

"አስራ ስምንት መሰለኝ" አሉ ሲስተር።

"ሁለት ለስፌት" አሉ ጋሼ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ። "አርባ ዓመት ስለካ ሁለት ሳልተው የቀረሁበት ቀን የለም። ትልቁ ጭልፊት ነው። ይልቅ የርግቦቹን ቤት በሽቦ መረብ እንሸፍነው፤ ልኬቱን እኔ እወስዳለሁ።"

ያን የመሰለ እርግጠኝነት ማን ይከራከረዋል? ሲስተር ይቅርታ ጠይቀውኝ ወጡ። እኔም በልማዳቸው ሳቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ላባ እኮ አይሰፋም" አልኳቸው።

መሳቢያቸውን ከፍተው ነጭ የርግብ ላባ አወጡ። "ትናንት ድመትህ ደረጃ ስትወርድ ከአፏ ያስጣልኳት ነው።"

ኪሴ ልከተው እጄን ዘረጋሁ።

"ሱሪ ልታሳጥር በመጣህ ቁጥር የምታወራልኝ ስለ እሷ ነው" አሉ፣ ላባውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እየጣሉ። "እሷ ከሄደች ምን ልታወራኝ ነው?"

"ታዲያ ያ ጭልፊት የትኛው ነው?"

በሩን አዩ፤ ሲስተር ርቀዋል።

"አላውቅም" አሉ።

ቅዳሜ መረቡን አብረን ዘረጋን፤ ከዚያ ወዲህ ርግብ አልጠፋም። እኚህን ሰው ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ያን ቃል ከአፋቸው መስማቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስም ማጥፋት ይሆንብኛል።