ባለ ሁለት ጣት ሰላምታ

ሰላምታ የሚሰሰትበት ነገር አይመስለኝም ነበር። እኛ አገር እንኳን የሚያውቁትን የማያውቁትንም ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን መጠየቅ ያለ ነው፤ ተጠያቂው ከብት ባይኖረውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ዱባይ መጥቼ ብስክሌተኛ ከሆንኩ ወዲህ ግን ሰላምታ እንደ ቅመም እየተቆነጠረ እንደሚሰጥ ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ብስክሌተኞች ፊት ለፊት ሲተላለፉ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሱ ሁለት ጣት ብቻ ብድግ ያደርጋሉ። ሰላም ማለታቸው ነው። ለማን ብድግ እንደሚደረግ የተጻፈ ሕግ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ባለ ቀጭን ጎማ ለባለ ቀጭን ጎማ ያነሳል። ጎማው ወፍራም ለሆነ የተራራ ብስክሌት፣ ሰውዬው ደህና መነጽር ካደረገ፣ አንድ ጣት ይበቃዋል። ቅርጫት ላለው ብስክሌት ምንም። የኤሌክትሪክ ስኩተር የሚነዱትን ደግሞ ሁላችንም እኩል እንንቃቸዋለን፤ እንዲያውም አንድነታችን የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ከቀጭኖቹ ወገን ነኝ። ጎማዬን ማለቴ ነው፤ ሆዴንማ ያ ጥብቅ ልብስ ለአገር ሁሉ አጋልጦታል። አንድ ሆቴል ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከአሥራ ሁለት ጓደኞቼ ጋር ሚርዲፍ የሚባለውን ሰፈር አቋርጠን፣ ጉልበት ሲኖረን ሻርጃን አልፈን እስከ አጅማን የባሕር ዳርቻ እንነዳለን። መሪያችንን «ካፒቴን» እንለዋለን፤ የእግሩን ጠጉር የሚላጭ፣ የብስክሌቱን ክብደት በግራም የሚናገር የባንክ ሰው ነው። «ይሄ ክብደት ነው» ያለውን ዕቃ ሁሉ ከየብስክሌታችን እየፈታን ጥለናል። የሚገርመው፣ እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ብስክሌተኛ አይባልም። ሰው ነው የሚባለው።

ወደ ትርንጎ ልምጣ። ትርንጎ ሚርዲፍ አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። እሁድ እረፍቷ ስለሆነ ጓደኞቿ ጋ ትመጣለች፤ የእነሱ ቢድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ የተከራዩት የአልጋ ቦታ፣ አል ሙራቃባት ሰፈር እኔ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ነው። አንድ እሁድ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስገባ ሊፍቱ በር ላይ ጠብቃ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ነገር በስንት ቀን ይለምዱታል?» አለችኝ፣ ብስክሌቴን ከላይ እስከ ታች እያየች።

ለካ አዲሷ ማዳም ስትቀጥራት በስልክ «ዋና ትችያለሽ? ድመት ትወጃለሽ? ብስክሌት ትነጃለሽ?» ብላ ጠይቃታለች። ሥራ ፈልጋችሁ የምታውቁ ከሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ። ኤጀንሲ ቁጭ ብሎ «አልችልም» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መጀመሪያ እችላለሁ ይባላል፤ መቻሉ ኋላ ይመጣል። ድመቷን ወደደቻት፤ ዋናውን ማንም አላስታወሰው። የብስክሌቱ ነገር ግን መጣ። ለማዳም ሁለት ልጆችም ለእሷም ታዟል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆቹን ይዛ እስከ መናፈሻው መንዳት አለባት።

«የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም» አለች። «ዋሽታኛለች ብላ ኤጀንሲ ትመልሰኛለች። ከዚያ ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ ካልተገኘ አገሬ መግባቴ ነው። እህቴን የማስተምራት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ዋላሂ፣ እንቅልፍ አጣሁ።»

አስተምርሻለሁ አልኳት፣ አፌን ሞልቼ። በምን ብስክሌት? ቆም ያልኩት ያን ጊዜ ነው። የእኔን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። «ይሄ የራሱ ጫማ አለው፤ ጫማው ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ አይሆንሽም» አልኳት። እውነት ነው። እውነት ባይሆንም ግን እለው ነበር።

ያወጣን ሻፊ ነው። ሻፊ ከሕንፃችን ሥር ካለው፣ ባቃላ ከምንለው ሱቅ፣ በየቤቱ ዕቃ የሚያደርስ የሕንድ፣ የኬራላ ሰው ነው። ከፊቱ ቅርጫት ያለው፣ ከኋላው የውሃ ጀሪካን የሚጫንበት ጥቁር ከባድ ብስክሌት አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር በአውራ ጣቱ ደወሉን ቅጭል ቅጭል ያደርግልኛል፤ እኔ ሁለት ጣቴን አንድ ቀን አንስቼለት አላውቅም። ትርንጎ ግን ስሙንም፣ ስንት ልጆች እንዳሉትም ታውቃለች። ስትለምነው «መፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም ብሎ ብስክሌቱን አስረከበን።

ሦስት እሁድ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ተለማመድን። እኔ ስለ አቀማመጥና ስለ አተነፋፈስ አስረዳለሁ፤ ሻፊ መቀመጫውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል። በመጨረሻው እሁድ ሻፊ እጁን ለቀቀ፣ ትርንጎ ሄደች። ጮኸች፣ ሳቀች፣ ሁለት ዙር ዞረች። እኔም ደስ ስላለኝ አንድ ነገር ልጨምርላት ብዬ የሁለቱን ጣቶች ሥርዓት ነገርኳት፤ ለማን እንደሚነሱ፣ ለማን እንደማይነሱ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ ባለ ቅርጫቱ ምን አድርጓችሁ ነው?» አለች። ሻፊ አጠገባችን ቆሞ ላቡን ይጠርግ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ወደ ሰፈሯ ስንታጠፍ ከሩቅ አየኋት። ልጆቹ ከፊት፣ እሷ ነጭ ሄልሜት አድርጋ በባለ ቅርጫት ብስክሌት ከኋላ፣ ማዳም የግቢው በር ላይ ቆማ። ቀጥ ብላ ትነዳለች። ኮራሁባት። ግን ካፒቴን ከፊቴ፣ ሌሎቹ ከኋላዬ ነበሩ። ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ዓይኔን ከፊቴ ካለው ጎማ ላይ ተከልኩ።

እሷ ግን አየችኝ። ያስተማራትን ሰው፣ ያውም ታላቋን፣ በሁለት ጣት ሰላም ማለት አልሆነላትም። ቀኝ እጇን ከመሪው አንስታ ደረቷ ላይ አደረገችና ከወገቧ ዝቅ አለች። ጎማው ተጠማዘዘ። ከነብስክሌቷ የአጥሩ አበባ ውስጥ ገባች።

ካፒቴን «አትቁሙ!» አለ። አልቆምኩም። አሥር ጊዜ ያህል ፔዳል መታሁ፤ እነዚያን አሥሩን እስካሁን አስባቸዋለሁ። ከዚያ አፈርኩና ዞርኩ። አጠገቧ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፤ በድንጋጤ ግን ጫማዬን ከፔዳሉ ማላቀቅ ረስቼ፣ ብስክሌቱ እንደቆመ፣ ማዳም እግር ሥር በጎኔ ዘጭ አልኩ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች ማዳም።

«ኡስታዜ ናቸው፣ ማዳም» አለች ትርንጎ ከአበባው ውስጥ ሆና።

ማዳም አንድ እግሩ ከብስክሌቱ ጋር ተቆልፎ መሬት ላይ የሚንፈራገጠውን ኡስታዝ ከነመነጽሩ፣ ከነጥብቅ ልብሱ አየችው። ከዚያ ሳቀች። የበሩን ብረት ይዛ ሳቀች።

«አስተማሪሽ እንዲህ ከሆነ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አለቻት። «ኸላስ፣ በቃ ተነሺ። ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ልጆቹ ራቁ! ሁለተኛ ግን እጅሽን ከመሪው እንዳታነሺ፣ ለማንም!»

ሥራዋ ተረፈ። ያተረፈላት ማስተማሬ ሳይሆን አወዳደቄ ነው። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አልለየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው መንገድ ስናልፍ ከፊት ለፊታችን መጣች። ዛሬስ አልሸሽም ብዬ ሁለት ጣት ሳይሆን ሙሉ እጄን አነሳሁላት። እሷ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አጥብቃ ትነዳለች፤ የማዳም ትእዛዝ ነው። ያለ ሰላምታ መታለፍ ምን እንደሚመስል ዛሬ ላውቀው ነው አልኩ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ልክ ጎኔ ስትደርስ ቅጭል ቅጭል። እጇ ከመሪው አልተነሳም፤ አውራ ጣቷ ብቻ። ይሄን እኔ አላስተማርኳትም።

አውራ ጣቴ ለመመለስ የራሴን ደወል ፈለገ። ደወል የለኝም። ክብደት ይጨምራል ብሎ ካፒቴን ካስፈታን ቆይቷል። ፍሬን ያዝኩ፤ ጫማዬን በሥርዓቱ አላቀቅኩ፤ ቆምኩና አሥራ ሁለቱም እስኪደነግጡ ድረስ ጮህኩ፦ «ትርንጎ! ደህና አደርሽ ወይ? ልጆቹስ? ድመቷስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ!» አለች፣ ዞር ሳትል።