ሳይበደር የካደው ድርጅት

ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛን ያህል አደገኛ ሰው በአገር ላይ የለም። ደንብ ያውቃል፤ ጊዜም አለው። ይህን የምለው ስለ ሌላ ሰው እንዳልሆነ ከወዲሁ ብትጠረጥሩ፣ አንባቢዎቼ፣ አልቀየማችሁም።

በጡረታዬ ማግሥት ሞላሌ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎረቤቴ ደምሴ ባና ሲሸምን እመለከት ነበር። ባና ለማታውቁት፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ በመንዝ ብርድ አንዴ ከገቡበት መውጣቱ ራሱን የቻለ ውሳኔ ይጠይቃል። የደምሴ እጅ የተባረከ ነው። ሥራው ግን ሥርዓት አልነበረውም። ደግሞ እኔ ሥርዓት የሌለው ነገር አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም።

«ደምሴ፣ ይህ ሥራ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል» አልኩት።

«ምን ያስፈልገዋል?»

«በሕግ ፊት እንደ ሰው የሚቆም ድርጅት። በስሙ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል።»

ደምሴ መወርወሪያውን አቆመ። «ለቅሶስ ይደርሳል ጋሼ?»

«አይደርስም።»

«እንግዲያው ሰው አይደለም» ብሎ ሽመናውን ቀጠለ።

እሱን ማሳመን ቀላሉ ነበር፤ ከባዷ ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ ናት። አባቷ ለጎረቤት ዋስ ሆነው ቤታቸውን አጥተዋል፤ እሷም ያደገችው በአክስቷ ቤት ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት «ዋስ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይቆጠራል።

«ድርጅቱ ቢከስር ቤቴስ?» አለችኝ።

የንግድ ሕጉን ገለጥኩ። «የአባላቱ ኃላፊነት ካዋጡት አያልፍም ይላል። ቢከስር የሚሄደው ያዋጣነው ብቻ ነው፤ ቤትሽን የሚነካት የለም።»

«ይኼን የሚለው ሕጉ ነው ወይስ አንተ?»

«ሕጉ።»

«እንግዲያው እፈርማለሁ።»

የመመሥረቻ ጽሑፉንና የመተዳደሪያ ደንቡን ራሴ አረቀቅሁ። ለሦስት አባላት ምልዓተ ጉባኤ ደነገግሁ፤ ሥራ አስኪያጁ በሌለበት ማን እንደሚተካው፣ ተተኪውም በሌለበት ማን ተተኪውን እንደሚተካው ሳይቀር ጻፍኩ። ከዚያም ሦስታችን ደብረ ብርሃን ሄድን። የንግድ ቢሮው ወጣት ወረቀቶቼን አገላብጦ፣

«አባባ፣ ለዚህች ሥራ ለምን በጥቃቅንና አነስተኛ አትደራጁም?» አለኝ።

«ልጄ፣ በጥቃቅን ተሰልፌ አላውቅም» አልኩት።

ስያሜው በሌላ አለመያዙ ተጣራ፤ ፊርማችን በውልና ማስረጃ ተረጋገጠ፤ መዋጯችን ባንክ በዝግ ሒሳብ ተቀመጠ፤ ምዝገባው፣ የግብር ከፋይ መለያውና ፈቃዱ ተከታትለው ወጡ። «ሙቀት የባና ሥራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ተወለደ። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ሐረግ ከስሙ እንዳይለይ ሕጉ ያዛል። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና፣ ሰሌዳው ላይ ከስሙ አስበልጬ በቀይ ቀለም አስጻፍኩት።

ያ ቀይ ቀለም ነው ጉድ የሠራኝ።

በእኛ ገበያ ጠጉር አምጪ ጠጉሩን አራግፎ ይሄዳል፤ ዋጋውን የሚቀበለው ባናው ሲሸጥ ነው። በመካከል የሚቆመው ዋስ ነው። ከጓሳ ወገን ጠጉር ከሚያመጡት ሁሉ የሚከበሩት ደግሞ አያ ሽፈራው ናቸው፤ እሳቸው ያላራገፉበት ደጅ ሌላው አህያውን አያቆምም። በገበያው ቀን መጡ፤ ሰሌዳውን ቀና ብለው አነበቡ፤ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እስከ የት ድረስ ነው የተወሰነው?»

«እስካዋጣነው ድረስ፣ አያ ሽፈራው።»

«ከዚያ ወዲያ የቀረብኝንስ ማንን እጠይቃለሁ?»

«ከዚያ ወዲያማ... በሕጉ መሠረት...»

ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው እንደሌለ ገባቸው። እሳቸው ወደ ገበያተኛው ዞሩ።

«ተበድሮ የሚክድ ብዙ አይቻለሁ» አሉ። «ሳይበደር የካደ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ገበያው ሳቀ፤ አህዮቹም ወደ ሌላ ደጅ ተነዱ። ደምሴ ባዶ መሸመኛው ላይ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ያ የሕግ ሰውዬዎ ሥራ ፈታ እኮ» ይለኝ ጀመር።

በሚቀጥለው ገበያ አያ ሽፈራው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ራሳቸው ቀረቡኝ። «እርስዎ ዋስ ከሆኑ አራግፋለሁ» አሉኝ። «ቤት አለዎት፤ ስምም አለዎት።»

ስም አለዎት! ዕድሜ ልኩን የፈረመው ፊርማ ተመላሽ ሆኖበት የማያውቅን ሰው እንዲህ ብላችሁ አትፈትኑት። ኮቴን አስተካከልኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እኔ...»

«እሱ አይሆንም» አለች አስካለ ከኋላዬ። «አያ ሽፈራው፣ የዋስ ቤት እንዴት እንደሚሸጥ እኔን ይጠይቁኝ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ አባቷን ያውቋቸው ነበር። «ታዲያ ጠጉሬን ማንን አምኜ ልስጥ፣ ልጄ?»

«ራስዎን። አባል ሆነው ይግቡ፤ ጠጉርዎ መዋጮ ይሁን።» ወደ እኔ ዞረች። «በዓይነት ማዋጣት ይቻላል ብለህ አንብበህልኝ አልነበረም?»

አንብቤላት ነበር። እኔ አነበብኩ፤ እሷ ሰማች።

«ሲያተርፍ እካፈላለሁ?» አሉ አያ ሽፈራው።

«ይካፈላሉ» አለች አስካለ።

«ሲከስርስ?»

«ያዋጡት ጠጉር ይሄዳል። በጎችዎን የሚነካ የለም።»

«በጎቼን የሚነካ የለም?» አሉና ሰሌዳውን እንደገና አነበቡት፤ አሁን ግን ቀስ ብለው፣ እንደ ዳዊት።

በዚያው ቀን አራገፉ፤ እኔም ቃለ ጉባኤ አዘጋጅቼ ማሻሻያውን ላጸድቅ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ደምሴ ሥራ በዛበት፤ ቤታችንም ቤታችን እንደሆነች ቀረች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰይድ የሚባል የማቅለሚያ ነጋዴ ከቆላ መጣ። ማቅለሚያውን በዱቤ ሊሰጠን ተስማማና፣ «ዋሳችሁ ማነው?» አለ። እኔ ሕጉን ላብራራ አፌን ስከፍት፣ አያ ሽፈራው ቀድመውኝ ተነሡ። ዱላቸውን ወደ ሰሌዳው ዘረጉ።

«ሰይድ፣ ማንበብ አትችልም እንዴ? በቀይ ተጽፎልህ!»

ሰይድ አነበበ። «አያ ሽፈራው፣ ይኼማ ሳይበደሩ መካድ ነው» አለ።

«አይደለም ልጄ» አሉት፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ሕግ ነው።»