የመብረቅ ልጅ ለምን አልደለበም

የዝንጅብልና የእንቁላል ሽታ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በማዱራ ደሴት የኮርማ እሽቅድምድም በሚውልበት ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ እንቁላል ከማርና ከዝንጅብል ጋር ተመትቶ በቀርከሃ ለኮርማው ሲጋት፣ ሽታው መንደሩን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። ማርሱኪ ያን ሽታ እስከ ዛሬ በአፍንጫው ይዞት ይዞራል። ያኔ የአባቱ ኮርማ አንደኛ ወጥቶ ነበር። የዚያ ዘር መጨረሻ የሆነው ኮርማ፣ መብረቅ፣ አሁን በማርሱኪ ግቢ ታስሮ ሳር ያመነዥካል። ሁለት ዓመት ሙሉ ላሙን ይዞ የመጣለት ሰው የለም፤ አገሩ ሁሉ የባዕድ ኮርማ ዘር በሞተር ብስክሌት ጭኖ የሚዞረውን አዳቃይ፣ ማንትሪውን፣ ይጠብቃል። ዛሬ ደግሞ የሚስቱ የሚስናቲ ታናሽ ወንድም የሆነው የሳትራዊ ላም ኮርማ ፈልጋለች። እሷም ካመለጠች የመብረቅ ነገር አበቃለት። ማርሱኪ ይህን እያሰበ በማለዳ መጥቶ ከሳትራዊ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሳትራዊ «ካካ» ይለዋል፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ እሱ ደግሞ «አሌ»፣ ታናሼ ማለቱ ነው።

ማርሱኪ፦ እኔ የምልህ፣ በሁለት አባዛው ነው።

ሳትራዊ፦ ምኑን ካካ?

ማርሱኪ፦ ኪሎውን ነዋ። (ከማድለቢያው የተላከለትን ወረቀት እያራገበ) መቶ አሥራ ዘጠኝ ብለው ጽፈዋል። እዚያ ያስገባሁት የመብረቅ ልጅ ሚዛኑ ላይ ያሳረፈው የፊት እግሮቹን ብቻ ነው።

ሳትራዊ፦ የኋላዎቹስ?

ማርሱኪ፦ መሬት ላይ። እናቱ የኔዋ የቁንጅና ላም መሆኗን ረሳኸው? ውድድር ላይ በሙዚቃ እየተራመደች ትመጣና ሁለት የፊት እግሯን ሳንቃው ላይ አስቀምጣ ቀጥ ትላለች። ልጅ የእናቱን ወረሰ። ከደህና ቤት የወጣ ከብት ነው፣ አሌ።

ሳትራዊ፦ (በጣቱ እየቆጠረ) ስለዚህ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሁለት ጊዜ...

ማርሱኪ፦ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። ማድለቢያ ሲገባ ሁለት መቶ ሠላሳ ነበር። በዘጠና ቀን ስምንት ኪሎ ጨመረ።

ሳትራዊ፦ ጭንቅላቱ በየት በኩል ነበር?

ማርሱኪ፦ በየት ይሆናል? በፊት ነዋ።

ሳትራዊ፦ እንግዲያ እርስዎ እሱንም በሁለት አባዝተውታል።

ማርሱኪ፦ ምኑን?

ሳትራዊ፦ ጭንቅላቱን። ማድለቢያዎቹ ሁለት ጭንቅላት ያለው ወይፈን ይቀበላሉ እንዴ?

(ማርሱኪ ወረቀቱን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።)

ማርሱኪ፦ ከኋላ ደግሞ ዳሌ አለው። ይካካሳል።

ሳትራዊ፦ የሯጭ ዘር ዳሌው ቀጭን ነው ሲሉ ሰምቼ...

ማርሱኪ፦ ከማንትሪው ነው የሰማኸው።

ሳትራዊ፦ ከእርስዎ ነው። «ቀጭን ዳሌ ነፋስ ይቀዝፋል» ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

ማርሱኪ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እዚያው ያስገባኸው ያንተው ቀዩ ወይፈን ስንት ጨመረ አሉ?

ሳትራዊ፦ ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ።

ማርሱኪ፦ አየህ፣ እሱ ሊሙዚን የሚሉት የባዕድ ኮርማ ክልስ ነው። ገንዳውን ካየ በቃው፣ አያስብም። አሳብ የሌለው ከብት መስባቱ ምን ይገርማል?

ሳትራዊ፦ ማድለቢያ ውስጥ ምን እንዲያስብ ነው የሚፈለገው?

ማርሱኪ፦ አንተ መቼም የክብር ነገር አይገባህም።

ሳትራዊ፦ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ። እስቲ ይንገሩኝ፤ አባቱ በሩጫ ተመረጠ፣ እናቱ በቁንጅና ተመረጠች። ሥጋው ከማን ሊመጣ ነበር?

ማርሱኪ፦ ከመኖው።

ሳትራዊ፦ መኖውን ማን ሊበላው?

ማርሱኪ፦ እሱ ራሱ። ሙዚቃ ካለ።

ሳትራዊ፦ ከሌለስ?

ማርሱኪ፦ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። እናቱም እንዲያ ናት። ስለዚህ ምን አደረግሁ? በሳምንት አርባ እንቁላል ከነማሩ ላክሁለት። ጀርባውን የሚያሸው ሰው ላክሁለት። አምስት የሳሮኔን ነፊዎችና ከበሮ መቺዎች በጭነት መኪና ጭኜ ማድለቢያው በር ላይ አቆምሁለት።

ሳትራዊ፦ በላ ታዲያ?

ማርሱኪ፦ አንድ ጊዜ ጎረሰ። ከዚያ ከበሮው ሲፋጠን የአባቱ ደም ተነሣ።

ሳትራዊ፦ ሮጠ?

ማርሱኪ፦ ሮጠ ብቻ? በአጥሩ ዙሪያ እስኪመሽ በረረ። እዚያ ያሉት ስልሳ ከብቶችም ተከተሉት። (ወረቀቱን እያነበበ) «የስልሳ ከብት የሳምንት ሥጋ በአንድ ከሰዓት በኋላ በላብ ወጣ፤ እባክዎ መጥተው ይውሰዱልን» ይላሉ። ግን ማን አንደኛ እንደወጣ አንድ ቃል አልጻፉም። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

ሳትራዊ፦ ማን ወጣ?

ማርሱኪ፦ ይጠየቃል? በሁለት ዙር ነው የቀደማቸው።

ሳትራዊ፦ የኔው ቀዩስ?

ማርሱኪ፦ ያንተው አልተነሣም። ተኝቶ ሲያመነዥክ ዘለውት አለፉ።

(ሳትራዊ ሻይ ቀዳለት። ማርሱኪ ብርጭቆውን ሳይነካ ወደ በሩ አየ፤ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ የላም ነገር ደግሞ ቀን አይጠብቅም።)

ማርሱኪ፦ ስማኝ አሌ፣ ቀልዱን እንተወው። ላምህ አጭር ናት፣ ዳሌዋም ጠባብ ነው። የሊሙዚን ጥጃ ከነዚያ ትከሻው ቢሰነቀርባት ሁለቱንም ታጣለህ። ይህን ማንትሪ አይነግርህም።

ሳትራዊ፦ ይህስ እውነት ነው።

ማርሱኪ፦ (ቀና ብሎ) እውነት ነው አልህ?

ሳትራዊ፦ እውነት ነው እንጂ። ጠባብ ናት።

ማርሱኪ፦ በል ተነሣ፣ እንውሰዳት። መብረቅን በእጄ በዝንጅብል ቅባት ሳሸው ነው ያደርሁት። አባቴ ቢኖር... ተወው። ተነሣ ብቻ።

ሳትራዊ፦ አንድ ጥያቄ ካካ።

ማርሱኪ፦ ጠይቅ፣ ቶሎ።

ሳትራዊ፦ ሯጭ ኮርማ በጥንድ ሲጠመድ በግራ የሮጠ እንደሆነና በቀኝ የሮጠ እንደሆነ ጥጃው ላይ ልዩነት አለው?

ማርሱኪ፦ (ተመልሶ ተቀመጠ) ይኸውልህ፣ ይህ ጥያቄ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አሁን በደሴቱ ላይ እኔ ብቻ ነኝ። በግራ የሮጠ እንደሆነ...

(ያስረዳል። የግራውን ጨርሶ የቀኙን ሲጀምር፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ከወደ ማርሱኪ ሰፈር መጥቶ ደጁን አልፎ ሄደ። ሳትራዊ በመስኮት አየና ተቀመጠ።)

ማርሱኪ፦ ማን ነው?

ሳትራዊ፦ ማንትሪው።

ማርሱኪ፦ ይለፍ። አንተን ትቶህ አልፏል ማለት ነው። አሁን ላሟን ፍታት።

ሳትራዊ፦ እሷንማ በንጋት አዳቅሎልኝ ሄዷል። ዳሌዋን ለካና፣ «ለዚህችስ ሊሙዚን አይሆንም፣ የራሳችን የማዱራ ኮርማ ይሻላታል፣ ልጆቹ ማድለቢያ ገብተው በደንብ የጨመሩ» አለኝ።

(የማርሱኪ እጅ ገና የዝንጅብል ቅባት ይሸታል።)

ማርሱኪ፦ በንጋት?

ሳትራዊ፦ ከሱብሂ ሶላት በኋላ።

ማርሱኪ፦ ታዲያ እኔን ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምን አስቀመጥኸኝ?

ሳትራዊ፦ እህቴ ዩ ሚስናቲ ለምናኝ ነው። የእርስዎም የቁንጅና ላም ከትናንት ማታ ጀምራ ኮርማ ፈልጋ ትጮኻለች። እርስዎ ግቢ ውስጥ ካሉ ማንትሪው አይገባም፤ «ማንትሪው እስኪጨርስ ባሌን ያዝልኝ» አለችኝ። የላሟ ዳሌ ሰፊ ነው ካካ። ለእሷ ሊሙዚን ይሆናል።

ማርሱኪ፦ (ድምፁ ቀጥኖ) እና ያ ሁሉ የግራና የቀኝ ጥያቄ...

ሳትራዊ፦ ሌላም አምስት አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉንም ያውቁታል፣ አልተጠራጠርሁም። ለምን እንደምጠይቅዎ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም።

(ማርሱኪ ቆቡን ከምንጣፉ አነሣ። አቧራ የሌለበትን ቆብ ሁለት ጊዜ አራገፈ፤ አደረገው፤ የቀዘቀዘውን ሻይ አየት አድርጎ፣ ሳይሰናበት ወጣ።)