የሳውዝ ሲው አድሚራል

መጽሐፉ ፊልም ከሆነለት ደራሲ ጎን ተቀምጦ ያንን ፊልም በሰላም የጨረሰ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። ጥናቴ የተመሠረተው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ቢሆንም፣ ሰውየው ከበቂ በላይ ናቸው።

ክቡር አድሚራል ሐብተማርያም ጎረቤቴ ናቸው። ኢምባካሲ የአየር ጭነት መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፤ ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ በናይሮቢ የሳውዝ ሲ ሰፈር ሐበሾች ነን። ባሕር በሌለው አገር ተወልደው የባሕር ጀብዱ ልብ ወለዶችን በአማርኛ ይጽፋሉ። ውሃ ላይ የወጡት አንዴ ብቻ፣ ሞምባሳ ሰውና መኪና በሚያሻግረው ጀልባ ነው፤ እሱንም ዓይናቸውን ጨፍነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ማዕበል ከየት መጣ? ነገሩ ስለከነከነኝ ሄጄ አየሁ። አሠራራቸው ድንቅ ነው! የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ይሞላሉ፤ ከቆርቆሮ የሠሯትን መርከብ ያስቀምጡበታል፤ በካርቶን ያራግቡና ውሃው በየት በኩል እንደገባ አይተው ይጽፋሉ። በመጽሐፋቸው የሰጠመ መርከብ ሁሉ መጀመሪያ ሳፋው ውስጥ ሰጥሟል። ባለቤታቸው ራሔል ከጓሮ ይጮኻሉ፦ «አንተ ሰውዬ፣ መርከብህን አውጣልኝ፤ አንሶላ ልዘፍዝፍበት!»

አንደኛው መጽሐፍ ተከታታይ ፊልም ሆነላቸው። ባሕሩ የተቀረጸው ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ከካፒቴኑ ኋላ ጉማሬ ያዛጋል። ይህን እንኳ አድሚራሉ ይቅር ብለዋል። ያልተዋጠላቸው መጨረሻው ነው። በመጽሐፉ መርከቧ ትሰጥማለች፤ ፊልም ሠሪዎቹ ግን ማስጠሙ ቢከብዳቸው ካፒቴኑን ወደብ አድርሰው ዳሩት።

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም!» ይላሉ፣ ፊልሙን በየደቂቃው እያቆሙ።

«ዳዲ፣ ፕሊስ!» ትላለች ልጃቸው ርብቃ። «ቢያገባ ምን አለበት? ኒ ሳዋ ቱ፣ ችግር የለውም!»

የሚያማቸው እዚህ ላይ ነው። ርብቃ ተወልዳ ያደገችው ናይሮቢ ነው፤ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። የአባቷን መጽሐፍ የምታውቀው በዚህ ፊልም ብቻ ነው። «ላንብብልሽ» ሲሏት «አይቼዋለሁ እኮ» ትላለች።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት የመጨረሻውን ክፍል እንደገና ልናይ ተሰበሰብን። ካፒቴኑ ሙሽራዋን ሊስም ሲል መብራት ጠፋ።

«በመጽሐፉ» አሉ አድሚራሉ ቀስ ብለው፣ «አሁን ውሃው ማዕድ ቤቱ ገብቷል። ምግብ አብሳዩ በሩን ከውስጥ ዘግቶ በትከሻው ደግፎታል። ከለቀቀው ሌሎቹ አይተርፉም።»

«እሱስ?» አለች ርብቃ።

«ይዘፍናል። እነሱ ድምፁን ሲሰሙ በሩ ገና እንዳልተሰበረ ያውቃሉ።»

ርብቃ ስልኳን አስቀመጠች።

ድንገት መብራቱ መጣ፤ ቴሌቪዥኑ በሠርግ ዘፈን አምባረቀ። አድሚራሉ ንግግራቸውን ቆረጡ። ሪሞቱን ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ርብቃ ቀድማኝ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ኤንዴሌያ፣ ዳዲ፣ ቀጥል! ሰውዬው ስሙ ማነው?»

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት እኔም፣ ስሙን ሰምቼ እንደማላውቅ ሰው ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።