በድስት ውስጥ ያፈጠጠ ዱባ

እኛ ዱባ ስናይ የሚታየን ወጥ ነው። አሜሪካኖች ዱባ ሲያዩ የሚታያቸው ፊት ነው። ማን ይፈርዳል? ሁሉም የለመደውን ያያል። የእኔ ችግር ባሌ ከእነሱ ወገን ሆኖ መገኘቱ ነው።

ተክሌ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ዱባ ቀርጸው ፋኖስ የሚያደርጉበትን ሃሎዊን ሲራገም ኖሮ፣ ዘንድሮ የምንኖርበት ሕንጻ ሰዎች ዱባ የመቅረጽ ውድድር አዘጋጁና ማንም ሳይቀድመው ተመዘገበ። አምስት ዱባ ተሸክሞ ገባ። ቢላዋዬን ወረሰ፣ ጭልፋዬን ወረሰ፣ ጠረጴዛዬንም ወረሰ። እጁ እንዲህ የተባረከ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የቤቱ ቧንቧ እኮ ካፈሰሰ ሁለት ወሩ ነው። ሁሉም መልካም ሆኖ ሳለ ቀኑን አላየም። ሃሎዊን የዋለው ጥቅምት ሃያ አንድ ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ የማርያም ጽዋ ተራው የእኔ ነበር።

ታዲያ ምን አለበት የሚል ካለ እትዬ በላይነሽን አያውቃቸውም ማለት ነው። የማኅበራችን ታላቅ እሳቸው ናቸው። አምና እዚሁ የሐበሻው ሠፈር ፌርፋክስ ላይ አንድ ሱቅ ደጃፍ የተቀረጸ ዱባ አይተው፣ የሰይጣን ፊት ካለበት ቤት ጽዋ አልቀምስም ብለው ምለዋል። እሳቸው ያልቀመሱትን ማን ይቀምሳል? እንዲያ ከሆነ ደግሞ ማኅበሩ ዳግመኛ ቤቴን አይረግጥም።

ስለዚህ አምስቱን ፊት ከነሳቃቸው በጓሮ በር አስወጣሁ። ከውስጣቸው የተፋቀው ግን አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሞላ። እህል ይጣላል እንዴ? ያውም በጽጌ ጾም! እርግጥ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ የፋኖስ ዱባና የወጥ ዱባም እንዲሁ። የፋኖሱ ውሃ ብቻ ነው። ያን ውሃ ወጥ ለማሰኘት ሽንኩርቱን አብዝቼ ሳቁላላ በርበሬው አነሰኝ። ወደ ሱቅ ስሮጥ ተክሌን፣ «የተረፈውን ዱባ ጨምረው» አልኩት። ኦኬ አለኝ። ባል ኦኬ ሲል ምን እንደገባው መጠየቅ ደግ ነው፤ እኔ አልጠየቅኩም።

እንግዶቹ ገቡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ምሳ ቀረበ። እትዬ በላይነሽ ወጡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና እጃቸው ቆመ። እኔም አየሁት። ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ ጥርት ያለ ሦስት ማዕዘን ዱባ። ዓይን ነው! አጠገቡ ሁለተኛው ዓይን፣ ከሥሩ አፍንጫው። ለካ ለተክሌ «የተረፈው» ማለት ከዱባዎቹ ፊት ላይ ቆርጦ ያወጣው ኖሯል። ዞር ብዬ ሳየው ጣሪያውን ያጠናል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ በላይነሽ ሦስቱን ቁራጭ በእንጀራው ዳር ደረደሯቸው። ከዚያም ቀና ብለው፣ «አያችሁ ይቺን ልጅ? ዱባ ስትከትፍ እንኳ ሥላሴን አትረሳም! ሦስት ማዕዘን፣ ያውም ሦስት!» አሉ። ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። ከሁሉ የጮኸው ተክሌ ነው። አንዷማ ሪሲፒውን ቴክስት አድርጊልኝ አለችኝ። እውነቱን መናገር አልነበረብሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልናገር ነበር፤ አፌ ውስጥ ጉርሻ ነበረበት።

ጽዋው ዞረ። እትዬ በላይነሽ ተቀበሉ፣ ቀመሱ፣ ደገሙ። እፎይ! እንዲህ ቅልል ያለኝ ግሪን ካርዴ የመጣ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የበላሁት ዱባ ውሃ ይሁን ማር አላውቅም፤ ብቻ ጣፈጠኝ።

ማኅበሩ ሲበተን እትዬ በላይነሽን እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው። በሩን ከፍቼላቸው ግን አልገቡም። ግራ ቀኙን ቃኙና ክንዴን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ ለልጅ ልጆቼ ዱባውን እኔው ነኝ ካርቭ የማደርግላቸው። ዓይኑንስ እንደምንም አወጣሁት፤ ጥርሱ ግን እምቢ አለኝ። ሳይመሽ ተክሌን ባልድዊን ሂልስ ቤቴ ድረስ ላኪልኝ።»