የጋሽ ምንዳዬ ሰዎች

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ዕድር ሳይቋቋም፣ ቤተክርስቲያን ሳይተከል፣ በርበሬ የሚፈጭ ወፍጮ ሳይገኝ፣ ቀድሞ የሚበቅል አንድ ፍጡር አለ፤ «ሰው አለኝ» ባይ። ጥርስዎን ቢያምዎት ሰው አለው። ፓስፖርትዎ ቢጠፋ ሰው አለው። ሞተው መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቢከለከሉ እንኳ «ቆይ፣ አይጨነቁ፣ እዚያም አንድ የማውቀው ልጅ አለ» ማለቱ አይቀርም።

የካርቱሙ «ሰው አለኝ» ባይ ክቡር ጋሽ ምንዳዬ ነበሩ። ሥራቸው ሙከየፍ መጠገን ነው፤ ያ ጭድና ውሃ የሚሞላውን፣ መስኮት ላይ ተገትሮ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ትልቅ ሳጥን። በካርቱም በጋ ሙከየፉ የቆመበት ሰው፣ ባለሥልጣን ይሁን ጋሪ ነጂ፣ ልመናው አንድ ነው፤ «ያ ምንዳዬ፣ ድረስልኝ!» ጋሽ ምንዳዬ ታዲያ ጥገናው ያዘም አልያዘም፣ ደጁን የረገጡትን ሰው ሁሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ «የእኔ ሰው» ይሉታል።

ይህን ከገሊላ በላይ የሚያውቅ የለም። ያደገችው ከካርቱም ዳር፣ ሶባ፣ ከጋሽ ምንዳዬ ጋር በአንድ ግቢ ነው። አባቷ በሕፃንነቷ ሞተው፣ እናቷ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት እየሠሩ ሲያሳድጓት፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ጋሽ ምንዳዬ የትምህርት ቤቷ ወላጅ ስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር አይጠፉም ነበር። «ርዕሰ መምህሩ የእኔ ሰው ነው» ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን ልጅቷ እስክትጨርስ ድረስ ሙከየፍ ሊሠሩ የመጡ ይመስለው ነበር።

ገሊላ እዚያው ካርቱም ሕክምና ተምራ ተመረቀች። ኢምቲያዝ የሚሉትን የአንድ ዓመት የሆስፒታል ልምምድም ጨረሰች። ከዚያ ልቧ አዲስ አበባ ላይ ተተከለ፤ እዚያ ገብታ የሕፃናት ስፔሻሊስት መሆን። የመግቢያ ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ግን ውጭ አገር የተማረ ሐኪም በቅድሚያ «ብቁ ነህ» መባል አለበት። ዲግሪው አቻ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ኤምባሲው ማኅተም ያሳርፍ፣ ልምምዱን ያስጨረሰው አለቃ በፊርማው ይመስክር። ገሊላ «ካርቱም ነው እንዴ ውጭ አገር?» ብላ ስታኮርፍ ሰነበተች።

ጋሽ ምንዳዬ ጉዳዩን ሲሰሙ ጮማ እንደቀረበለት ሰው እጃቸውን አፋተጉ።

«ብቁ ናት አይደለችም? እሱን የሚጠይቀው ማን ነው? ተዪው ዶክተሬ፣ ሰው አለኝ።»

ኤምባሲ ያላቸው ሰው ዘበኛው ደመቀ ሆኖ ተገኘ። ደመቀ ለጋሽ ምንዳዬ ክብር ሲል ገሊላን ከሰልፉ አውጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጣት። ጥላ ሥር እንደተቀመጠች ሰልፉ አለቀ፤ ቢሮው ተዘጋ። በማግስቱ እንደማንም ሰው ፀሐይ ላይ ተገትራ ማኅተሙን አገኘች።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ምንዳዬ። «ደመቀ እንዴት ያለ ልጅ ነው!»

አዲስ አበባ፣ ሚኒስቴሩ ውስጥ ያሏቸው ሰው ደግሞ አቶ ሀይሉ ይባላሉ። የግቢው ሰው በተሰበሰበበት፣ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍተው ደወሉላቸው። አቶ ሀይሉ ለካ ጡረታ ወጥተው ሰበታ ዶሮ ያረባሉ። ስለ ብቁነት የሚያውቁት ነገር የላቸውም፤ «ልጅቷ ግን ሐኪም ናት አሉ?» ብለው ዶሮዎቻቸውን ስለፈጀው ተቅማጥ ገሊላን አማከሯት። ጋሽ ምንዳዬ ስልኩን ዘግተው፣ ወደ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዞረው፣ በዝግታ እንዲህ አሉ፦ «ጉዳዩን ይዘውታል።»

ገሊላ ፊት ለፊት እየሳቀች፣ ከኋላ ከኋላ ወረቀቷን ራሷ ስታስጨርስ ከረመች። በመጨረሻ የቀረው አንድ ፊርማ ነው፤ ልምምዷን ያስጨረሷት የፕሮፌሰር ዐዋድ። ምዝገባው በሚመጣው ሳምንት ይዘጋል፤ ካመለጣት ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። እየሮጠች ሆስፒታል ብትሄድ፣ ፕሮፌሰሩ አጎታቸው ሞተው ኦምዱርማን ለቅሶ ተቀምጠዋል አሏት።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጋሽ ምንዳዬ።

«ጋሼ! ሰው ሞቶ እኮ ነው!»

«እሱንማ ነፍስ ይማር። እኔ የምልሽ፣ ሰውዬው ተቀምጧል ነው። ፕሮፌሰር ተቀምጦ የሚገኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ያላ፣ ወረቀትሽን ያዢ!»

«ለቅሶ ላይ ወረቀት? ዐይብ ነው፣ ነውር! ወላሂ አላደርገውም።»

«አውጪው ማን አለሽ? ቦርሳሽ ውስጥ ይቀመጥ። እኛ እናልቅስ፣ ወረቀቱ ሰዓቱን ያውቃል።»

የጋሽ ምንዳዬን ለቅሶ አዋቂነት ሳይናገሩ ማለፍ ኃጢአት ነው። ካርቱም ሰው ሲሞት መንገድ ላይ ድንኳን ይጣላል። የወደደ ገብቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ «አልፋቲሓ» ብሎ ይጸልያል፤ አንተ ማን ነህ የሚለው የለም። ጋሽ ምንዳዬ ኪዳነ ምሕረትን ሳያስቀድሱ የማይውሉ ክርስቲያን ናቸው፤ ድንኳን አይተው ግን ማለፍ አይሆንላቸውም። ገብተው መዳፋቸውን ይዘረጉና በሆዳቸው አባታችን ሆይን ይደግማሉ። «ሰሚው አንድ ነው» ይላሉ።

ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ ታጭቀው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ኦምዱርማን ወረዱ። ጋሽ ምንዳዬ መንገድ መጠየቅን እንደ ውርደት ስለሚቆጥሩት፣ ዓይናቸው ያረፈበት የመጀመሪያው ድንኳን ውስጥ ዘው አሉ። ሴቶቹ ከቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ ከድንኳኑ ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ ገሊላ ከመግቢያው ዳር ቆማ ፕሮፌሰሩን በዓይኗ ፈለገች። የሉም። «ጋሼ» ብላ ልትጠራ ስትል ረፈደ። በዚያ በሚንቆረቆረው አረብኛቸው ጀምረዋል።

«እንዲህ ያለ ወንድ ከየት ይገኛል! ወንድሜ ነበር! ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ ‹ያ ምንዳዬ፣ አግባ እንጂ!› ይለኝ ነበር። ወይ ያ ጢሙ! ወይ ያ ግርማው!»

 ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ አፋቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ገሊላ የሚያለቅሱ መሰላት።

«ወንድሜ» አሉ በስንት መከራ፣ «የሞተችው እህቴ ናት። ሐጃ ሉጥፊያ።»

ገሊላ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«በእርግጥ» ቀጠሉ ሽማግሌው፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሉጥፊያ ከወንድም ወንድ ነበረች። አግባ ብላ ያልጨቀጨቀችው ሰውም በዚህ ሰፈር የለም። የጢሙን ነገር ብቻ ተሳስተሃል።»

ሳቁ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ሻይ ቀጂዎቹ ዘንድ ደረሰ። እነማንን ፈልገው እንደመጡ ሲታወቅ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ምርኩዛቸውን አንሥተው፣ ሁለት መንገድ አሻግረው፣ ከፕሮፌሰር ዐዋድ ድንኳን አደረሷቸው። «የእህቴን ለቅሶ ያሳመሩ እንግዶች ናቸው፣ አክብሯቸው» ብለው አስረከቡ።

ፕሮፌሰሩ ገሊላን ሲያዩ ተነሥተው እስከ መግቢያው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ከሶባ ድረስ? ለእኔ አጎት?»

ገሊላ ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ ገፋችው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች። ጋሽ ምንዳዬን በዓይኗ ተለማመጠቻቸው፤ እባክዎ ዛሬን ብቻ ወረቀቱን አያንሡ። ጉድ ሆነ፤ ጋሽ ምንዳዬ የሐዘንተኛውን ፊት አዩና ዝም አሉ።

ዝም ያላሉት ፕሮፌሰሩ ናቸው። «ያ የፈተናሽ ጉዳይ የት ደረሰ? ፊርማዬን እንደሚፈልጉ ነግረሽኝ አልነበር?» አሉ። «እሑድ ጠዋት ነይ፣ ከማንም በፊት ያንቺን እፈርማለሁ። እንዳንቺ ያለ ልጅ በእጄ ብዙ አላለፈም። ትገቢያለሽ። አዲስ አበባም አትመልስሽም፤ እኛ ያለ አንቺ መቅረታችን ነው።»

ይሄኔ ከገሊላ ጎን አንድ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ምንዳዬ ናቸው። ያ ዜማ የሚወጣለት፣ የታወቁበት ልቅሶ አይደለም፤ አፍንጫ የሚያዝረከርክ፣ ትንፋሽ የሚያቋርጥ፣ የልጅ ልቅሶ ነው። ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። አንዱ ውሃ ይዞ መጣ። ፕሮፌሰሩ ደንግጠው «አጎቴን እንዲህ ይወዷቸው ነበር?» ብለው ገሊላን ጠየቋት።

ገሊላ የጋሽ ምንዳዬን ክንድ ይዛ ዳር አወጣቻቸው። በሻሿ ጫፍ ፊታቸውን እየጠረገች ሹክ አለች።

«ኸላስ ጋሼ፣ ይበቃል፣ ምን ሆኑብኝ? ሊፈርሙ ነው እኮ!»

«ይፈርማል።»

«ታዲያ? ገና ምዝገባ አለ፣ ገና ፈተና አለ። ማን ያውቃል፣ ልወድቅም እችላለሁ።»

«አትወድቂም!» ጋሽ ምንዳዬ በንዴት በእግራቸው መሬቱን መቱ። «የት አባትሽ ትወድቂያለሽ! አትወድቂም እኮ ነው የምልሽ! እሱ አይደል የሚያስለቅሰኝ!»

ገሊላ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና አብራ ተነፋረቀች። ሁለት ሐበሾች፣ በሕይወት ሳለ አይተውት በማያውቁት ሰው ድንኳን ደጃፍ ተቃቅፈው እንዲያ ሲንሰቀሰቁ፣ ለቀስተኛው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ለሟች ሁሉ እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጠው፣ ተባለ።